የሸረሪት ድር ጭረትን ከመኪና ቀለም ላይ ማንሳት፦ በጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናዬ ጥላ ውስጥ ሲቆም ንጹሕ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሸረሪት ያደራበት ይመስላል። ምንድን ነው?

ጭረት ነው። ክብ ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም። ቀለሙ ላይ በየአቅጣጫው የተበተኑ እልፍ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ከእነሱ መካከል ዓይን የሚይዘው ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ የሚመልሱትን ብቻ ነው፤ እነዚያ ደግሞ የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከበው የተኙት ናቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ ድሩም አብሮዎት ይዞራል። በደመናማ ቀን ወይም በረጅም ነጭ አምፖል ሥር ይሰወራል። ያገለገለ መኪና ሐምሌ ላይ አይቶ የገዛ ሰው ጥቅምት ላይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ማታ ለማየት የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከኮፋኖው አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት።

ምን ያህል ይጠልቃል? የትኛው ጭረት ይነሣል?

ከላሜራው በላይ ዝገት መከላከያና ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርጭቆ መሰሉ ክሊር አለ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው (1000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ያህል)። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሸረሪት ድሩ የሚጠልቀው ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ነው። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ጭረቱን መሙላት አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ይያዙ፤ የሚከተለው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነው።

ጥልቀቱን ለመገመት ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም ያንሸራትቱ። ጥፍር ካልያዘው በፖሊሽ ይነሣል። ትንሽ ከያዘው ጠርዙ ይለሳለስና ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እርግጥ አድርጎ ከያዘው፣ ወይም ውስጡ ነጭ፣ ግራጫ ወይም የዝገት መልክ ካሳየ የፖሊሽ ጉዳይ አይደለም። ሌላው መንገድ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ እርጥብ ሳለ የሚጠፋ ጭረት ክሊሩ ውስጥ ያለ ነው።

ከየት መጣ? መኪናውን በየቀኑ ነው የምወለውለው።

መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። ብዙ ሰው መንገዱን ይወቅሳል፤ መንገዱ ግን አቧራውን ያመጣል እንጂ አይፍቅም። የሚፍቀው እጅ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቆማል፤ ከቢላዋ ብረት ይጠነክራል። ክሊሩ ደግሞ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ገጠር ቀበሌ ደርሶ የተመለሰን መኪና ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መወልወል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከማሸት ብዙም አይለይም።

አፈሩም እንደ ቦታው ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ በኩል ያለው ቀይ አፈር በበጋ እንደ ዱቄት ቦኖ እስከ በር ጎማው ውስጥ ይገባል። በምሥራቅ ጎጃም ዋልካው በክረምት በሮቹ ግርጌ ተለጥፎ ይደርቃል፤ እሱን በደረቁ በእጅ መላጥ ውስጡ ያለውን ጠጠር በቀለሙ ላይ መጎተት ነው። ሳይረጥብ አይነካም።

የቀሩት ጥፋተኞች እነዚህ ናቸው። ላቫጆ ቤት ከአይሱዙው ጎማ ወደ እርስዎ ቪትዝ የሚሻገረው አንድ ስፖንጅና አንድ ባልዲ። መኪና ጠባቂው ልጅ በቅንነት የሚወለውልበት ጨርቅ። ልጆች አቧራው ላይ በጣት የሚጽፉት «እጠቡኝ» (ከታጠበም በኋላ ይነበባል)። ነፋስ የሚያንገላታው የመኪና ልብስ። በጥር ሠርግ ኮፋኖው ላይ ታስሮ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድግሱ ቤት ሲርገበገብ የሚውል ሪባን። አሮጌ ነጠላ መጥረጊያ የሚያደርጉም አሉ፤ ጨርቁ ለስላሳ ቢሆንም አቧራውን ወደ ውስጥ የሚውጥበት ጸጉር የለውም፣ የጥለቱ ክር ደግሞ ራሱ ይጭራል።

የእኔ መኪና ክሊር እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ጫፍ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ያሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ ቀለሙ ራሱ የላይኛው ሽፋን ነው ማለት ነው። የቆዩ ኮሮላዎች፣ ላንድክሩዘሮችና ነጭ ሃይሉክሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ቶዮታ 040 በሚለው ነጭና 202 በሚለው ጥቁር ቀለሙ ላይም ይህ ያጋጥማል። እንዲህ ያለው ቀለም ፖሊሽ ይቀበላል፣ እንዲያውም ደብዝዞ ኖራ የመሰለው ነፍስ ይዘራል። ጨርቁ በቀለሙ ሲበከል አይደንግጡ፤ ግን ፓዱን (ፖሊሹ የሚታሽበትን ስፖንጅ) ቶሎ ቶሎ ያጽዱ።

ባጃጅ ላይ ያለው ቀለም ስስ ስለሆነ በእጅ ብቻ፣ በደቃቁ ፖሊሽ ብቻ ይሠሩት።

የጥርስ ሳሙና፣ ናፍጣ፣ አመድ… ይሠራሉ ይባላል?

የጥርስ ሳሙና መፋቂያ ስላለው አንዲት ቀጭን ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። ቅንጣቱ ግን ለክሊር አልተመጠነም፤ ሰፊ ቦታ ላይ ከተጠቀሙበት ጭጋግ ትቶ ይሄዳል። ናፍጣ ጭረቱን በዘይት ይሸፍነዋል። ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፣ በማግሥቱ አቧራውን እንደ ሙጫ ይሰበስባል፣ በዚያ ላይ የበር ጎማውን ያበላሻል። አመድና የድስት ማጠቢያ ዱቄት ድስት ላይ ይቅሩ።

ምን ምን ልግዛ?

ለአንድ አነስተኛ መኪና ይህ ይበቃል፦ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ደቃቅ ፖሊሽ፣ ያንኑ ያህል ወይም ያነሰ መካከለኛ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ሸከር ያለ መፋቂያ)፣ ቢያንስ 4 የስፖንጅ ፓድ (2 መካከለኛ፣ 2 ለስላሳ)፣ ከ8 እስከ 10 የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ ከ50 እስከ 100 ግራም ክሌይ (ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሣ ሊጥ መሰል ነገር)፣ የመኪና ሻምፖ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል፣ በመጨረሻም ዋክስ (ሰም) ወይም ሲላንት (ከሰም የበለጠ የሚቆይ ሰው ሠራሽ መሸፈኛ)። ሰዎች የሚሳሳቱት በፓዱ ቁጥር ነው። በአንድ ፓድ መኪናውን ሁሉ ለመጨረስ ይነሡና ግማሽ ላይ ፓዱ በደቀቀ ክሊር ተሞልቶ መቁረጡን (ክሊሩን በስሱ መፋቁን) ትቶ መጫር ይጀምራል።

ሸካራውን ኮምፓውንድ ቀድመው አይግዙ። የተሸጠልዎ ጣሳ ላይ ደረጃው ካልተጻፈ በሁለት ጣት መካከል አሽተው ይሞክሩት፤ ቅንጣቱ እንደ አሸዋ የሚሰማ ከሆነ ለሸረሪት ድር አይሆንም።

የፖሊሽ ማሽን ከሰው የሚያስመጡ ከሆነ ቮልቱን ያንብቡ። የአሜሪካ ማሽን በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው፣ ሶኬት ላይ እንደሰኩት ይቃጠላል።

ከፖሊሽ በፊት ምን ይደረጋል?

እጥበትና ክሌይ። ይህን ዘሎ ማሽን ያነሣ ሰው አቧራውን በደቂቃ በሺህ ዙር እየጫረበት ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ሳይነኩ በውሃ ያርጥቡና ሻምፖ ረጭተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይተዉት፤ ሳይደርቅ ያጥቡት። ግፊት ያለው ውሃ ከሌለ አዲስ የተገዛ ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ግሩም ነው። «አዲስ» የተባለው በምክንያት ነው፤ የአረም መድኃኒት የዞረበትን ለመኪናም ለእጅም አይጠቀሙ። ከዚያ በሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። ከጣሪያ ወደ ታች ይውረዱ፤ ጎማውና የበሩ ግርጌ የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው።

ሲደርቅ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው ኮፋኖውን ይዳብሱ። በባዶ እጅ የማይሰማው ሸካራነት በፌስታሉ ውስጥ ይሰማል። የባሕር ዛፍ ሙጫ፣ የሬንጅ ነጠብጣብ፣ ከፍሬን ሸራ የሚበተን የብረት ብናኝ ነው። ሬንጁን በአኳራጃ በረጠበ ጨርቅ ያንሡና ወዲያው ይጠቡት። የቀረውን በክሌይ፦ ሙዳ ያህል ቆንጥረው በመዳፍዎ ያለስልሱት፣ ቦታውን በሻምፖ ውሃ ያርጥቡ፣ ሳይጫኑ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱ። ሲጠቁር አጥፈው አዲሱን ገጽ ያውጡ። መሬት ከወደቀ ይጣል። «አጥቤው እጠቀምበታለሁ» የሚሉትን ሰምተናል፤ አይታጠብም።

ማሽን የለኝም። በእጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ተስፋዎን ይመጥኑ። የበር እጀታ ሥር ያለውን የጥፍር ጭረት፣ የአንድ ፓራፋንጎ ድር፣ የቁልፍ ንኪኪ በእጅ ማንሳት ይቻላል። ሙሉ መኪና በእጅ ከተሠራ ግን ድሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ክንድዎም አይፈቅድም። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይምረጡ፣ ማይክሮፋይበር በለበሰ ስፖንጅ ላይ የአተር ፍሬ የሚያክሉ 2 ጠብታዎች ያድርጉ፣ መጠነኛ ግፊት እየሰጡ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በቀጥታ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ያሹ። ሁለት ጊዜ ከደገሙ በኋላ ለውጥ ከሌለ ሦስተኛው አይጠቅምም።

በማሽን ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

ለጀማሪ የሚሆነው ዲኤ የሚባለው ማሽን ነው፤ ፓዱ ይሽከረከራል፣ በዚያውም ላይ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ሙቀት አያከማችም፣ ስለዚህ ቀለም ለማቃጠል ያስቸግራል። ሮታሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሽከረከር ፈጣን ነው፤ ስሕተትም በዚያው ልክ ፈጣን ነው።

በመጀመሪያ ጠርዞችን፣ የበር ጎማዎችንና ጥቁር ፕላስቲኮችን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ቀለም በጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ የደረቀ ፖሊሽ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል (ከቀረ የተማሪ ላጲስ ያነሳዋል)።

ከዚያ ሙከራ። ኮፋኖው ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይከልሉና በጣም ከደከመው ይጀምሩ፦ ለስላሳ ፓድና ደቃቅ ፖሊሽ። ካልበቃ መካከለኛ ፓድ በዚያው ፖሊሽ። ካልበቃ መካከለኛ ፓድና ኮምፓውንድ። የሠራው ሲገኝ መኪናውን ሁሉ በእሱ ይሥሩ። ይህን ሙከራ ለመዝለል የሚቸኩል ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱ መኪና ጠንካራ ክሊር፣ ሌላው ለስላሳ ስላለው በጎረቤት መኪና ላይ የሠራው በእርስዎ ላይ መሥራቱን የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው።

አዲስ ፓድ ላይ በመጀመሪያ ስስ አድርገው ፖሊሹን በጣትዎ ያዳርሱ፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቦታ አተር የሚያክሉ ከ3 እስከ 4 ጠብታዎች ይበቃሉ። ፓዱን ቀለሙ ላይ ካሳረፉ በኋላ ነው ማሽኑ የሚበራው፤ ካለዚያ ፖሊሹ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። በማሽኑ የፍጥነት ቁጥር 1 ወይም 2 ያዳርሱ፣ ወደ 4 ወይም 5 ከፍ ያድርጉ። በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጓዙ። እያንዳንዱ መስመር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን፤ መጀመሪያ ወደ ታችና ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ፣ በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ምልልስ። ከፓዱ ጀርባ ያለው ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ሲዞር ከታየ ደህና ነው፣ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ብቻ ከሆነ በጣም ተጭነዋል ወይም ፓዱን አዘንብለዋል፤ እየቆረጠ አይደለም።

ሲጨርሱ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ይጥረጉ፣ ከዚያ ባለ 70 በመቶውን አልኮል 1 ኩባያ በ4 ኩባያ ውሃ በጥብጠው (14 በመቶ ይሆናል) ረጭተው እንደገና ይጥረጉ። አልኮሉ የፖሊሹን ዘይት ያነሳና እውነተኛውን ገጽ ያሳያል። በባትሪ ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይለፉ። በየቦታው መካከል ፓዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይቦርሹ። ጎሚስታ ቤት ያለ ኮምፕሬሰርም ፓድ ያጸዳል፤ ቀለሙ ላይ ግን አይንፉበት፣ ከጋኑ ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል።

አነስተኛ መኪና በአንድ ደረጃ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። በኮምፓውንድና በፖሊሽ ሁለት ጊዜ ከሆነ አንድ ቀን ተኩል ይመድቡ። በአንድ ሰዓት «ሙሉ ፖሊሽ» የሚል ባለሙያ ሰም ነው የሚቀባልዎ።

ግራይንደር ላይ ፓድ ገጥሞ መሥራት አይቻልም?

አይቻልም። ተራ ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 እስከ 12,000 ይዞራል። ሮታሪ ፖሊሽ የሚሠራው ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ነው።

መብራት መሐል ላይ ቢጠፋስ?

ማሽኑን ወዲያው ያጥፉና ከቀለሙ ላይ ያንሡ። ማብሪያው እንደተጫነ ተቀምጦ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ኮፋኖው ላይ ይዘላል። ፓዱ ላይ ያለውን ፖሊሽ ያንሡት፣ ቀለሙ ላይ የቀረውንም ሳይደርቅ ይጥረጉ። በጄኔሬተር የሚሠሩ ከሆነ ለ900 ዋት ማሽን 2 ኪሎ ቮልት አምፒር ያለው ይበቃል።

ባሕር ዳር ሞቃት ነው፣ ደጅ ነው የምሠራው። መቼ ይሻላል?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ጥላ ሥር። ላሜራው ላይ መዳፍዎን ማሳረፍ ከከበደዎ ፖሊሹ ገና ሳይሠራ ይደርቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወር ችግሩ ይብሳል፦ ፖሊሹ ይጋገራል፣ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። ፓዱ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ውሃ መንፋት፣ መሬቱንም ውሃ መርጨት ይረዳል። ዛፍ ሥር ከሆነ ቀና ብለው ይዩ፤ በጣና ዳር ዋርካ ሥር የሚሠራ ሰው ፖሊሹን ሳይጨርስ ወፎቹ ይመርቁለታል። የወፍ ኩስ አሲድ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን ይበላዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ጥለውበት ሲለሰልስ ያንሡት እንጂ በደረቁ አይፋቁት።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ብርዱ ለሥራው ይስማማል፤ ጠዋት ግን ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ሠርቼ ስጨርስ ጭጋግ መሰለብኝ። ምን አጠፋሁ?

በሮታሪና በሱፍ ፓድ ከተሠራ በፀሐይ ላይ የሚንሳፈፉ ጥላ መሰል ሞገዶች ይቀራሉ። ሸካራው የተወውን ደቃቁ አላነሣውም ማለት ነው፤ ለስላሳ ፓድና ደቃቅ ፖሊሽ በዲኤ ይከተሉበት። ጭጋጉ አንድ ዓይነትና ወጥ ከሆነ ኮምፓውንዱ ለክሊሩ ከብዷል ወይም ቶሎ አቁመዋል፤ እየደቀቀ የሚሄድ ኮምፓውንድ ምልልሱን ካልጨረሰ ሸካራ ሳለ ይቀራል። ነጭ ዱቄት ቢበን ፖሊሹ በዝቷል ወይም ደርቋል። ከተጣበቀና ካልተጠረገ ላሜራው ግሏል፤ ትንሽ ፖሊሽ ጨምረው በዝቅተኛ ፍጥነት ካለፉበት ይለቃል።

የቀለሙ መልክ ተለውጦ በዙሪያው የተቀደደ ጠርዝ የመሰለ መስመር ከታየ ግን ክሊሩ አልቋል። ያንን የሚመልስ ፖሊሽ የለም፤ ያ ክፍል እንደገና ይቀባል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በኮፋኖ እጥፋት መስመር፣ በበር ጠርዝና በፕላስቲክ ባምፐር ላይ ነው። ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ላሜራ ስለማያሰራጭ ባለበት ይግላል።

ባለሙያ ጋ አሠርቼው አብለጨለጨ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭረቱ ተመለሰ። ተታለልኩ?

ጭረቱ አልሄደም ነበር። ዘይትና ሰም የበዛበት ፖሊሽ ስንጥቁን ይሞላና ሦስት አራት እጥበት ድረስ ይደብቀዋል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቦታ በዚያው 14 በመቶ አልኮል ይጥረጉና ፀሐይ ላይ ይዩት። ሐቀኛ ባለሙያ ይህን አይቃወምም። ጭረትን ለመደበቅ ብቻ የሚቀባው ነገር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክሊሩ ለሳሳበት አሮጌ መኪና እንዲያውም እሱ ነው የሚመከረው። ክፋቱ እንደ ማንሳት ሲሸጥ ነው።

በውሃ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅስ?

ቀለም ውፍረት መለኪያ ከሌለዎ አይሞክሩት። ካለዎት ከ80 እስከ 90 ማይክሮን በታች የሚያነበው ቦታ ላይ ደግሞ ኮምፓውንድም አይጠቀሙ። ከ200 በላይ ካነበበ ዳግም የተቀባ፣ በብዙ መቶዎች ካነበበ ደግሞ ሥሩ ስቱኮ ያለበት ነው። ያስታውሱ፣ መለኪያው የሚሰጥዎ ድምሩን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ስንት እንደሆነ አይነግርም። ለአንዲት ግትር ጭረት 3000 ቁጥር ወረቀት ለ15 ደቂቃ ሻምፖ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጠፍጣፋ ስፖንጅ ላይ ጠቅልለው፣ ሁልጊዜ እርጥብ አድርገው ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለፉበት፤ ከዚያ ኮምፓውንድና ፖሊሽ።

ባትላሜራ ቤት ወጥቶ አዲስ የተቀባ መኪናን መቼ ፖሊሽ ላድርግ?

በምድጃ ያልደረቀ ቀለም ላዩ ቢጠነክርም ውስጡ ቲነሩን ገና እየተነፈሰ ነው። ቢያንስ 30 ቀን ዋክስም ሴራሚክም (ቀለሙ ላይ ደርቆ ለዓመታት የሚቆይ መሸፈኛ) አይቀባም፤ መታፈን ነው የሚሆንበት። ፖሊሹንም እስከዚያ ማቆየት ይሻላል፤ ለስላሳ ቀለም ራሱ በማይክሮፋይበር ይጫራል።

በየዓመቱ ላሠራው እችላለሁ?

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። ቀላል ፖሊሽ 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ኮምፓውንድ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ሊወስድ ይችላል። የፀሐይን አልትራቫዮሌት የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለው ክሊሩ ውስጥ ስለሆነ መሳሳቱ ራሱ ጉዳት ነው። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጣሪያና ኮፋኖ ላይ ክሊሩ እንደ ተላጠ ቆዳ ነጭ ሆኖ የሚነሣባቸው መኪኖች የዚህ ውጤት ናቸው፤ እነዚያ ላይ ማሽን አይነሣም፣ ጠርዙ እየተቀደደ ይሰፋል። በመኪናው ዕድሜ ኮምፓውንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በመሐል ለሚመጣው ደግሞ ደቃቅ ፖሊሽ ያስፈለገበት ቦታ ላይ ብቻ።

ከፖሊሽ በኋላ ዋክስ ወይስ ሴራሚክ?

ሰም ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ሲላንት ከ4 እስከ 6 ወር፣ ጥሩ ሴራሚክ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይቆያል። በግንቦት መጨረሻ የተቀባ ሲላንት ክረምቱን ይወጣል። ሴራሚክ ከተቀባ 24 ሰዓት ውሃ፣ አንድ ሳምንት ሻምፖ አይንካው። ጭረትን ይከላከላል ተብሎ ቢነገርዎ ግማሹን ብቻ ይመኑ፦ ጭቃው በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል፣ በደረቅ ጨርቅ ከተወለወለ ግን እንደ ማንኛውም ክሊር ይጫራል። በተረፈው ድር ላይ ከተቀባ ደግሞ ድሩን ያትመዋል።

ላቫጆ የማስጠብ ሰው ነኝ። ምን ላድርግ?

ሻምፖዎንና ሁለት ፎጣዎን ይዘው ይሂዱ፣ የሚያጥበው ልጅ በራሱ ስፖንጅ እንዳይነካው አስቀድመው ይንገሩት። ኦሞ አይደረግ፤ ሰሙን ያነሣል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። ማድረቁን ፎጣውን ዘርግቶ በማሳረፍ እንጂ በማሸት አይሁን። ጊዜ ከሌለ ውሃ ብቻ አስረጭተው ይውጡ፤ የውሃ ነጠብጣብ ከጭረት ይሻላል። ወንዝ ዳር በባልዲ ማጠብ ግን ሁለት ኪሳራ ነው፦ አሸዋው መኪናውን ይጭራል፣ ዘይትና ሳሙናው ደግሞ እምቦጭ ላስጨነቀው ጣና ይጨመርለታል።

ፎጣዎቹን ለብቻ፣ ያለ ጨርቅ ማለስለሻ ይጠቡ፤ ገመድ ላይ እንጂ ቁጥቋጦ ላይ አይስጡ። አንድ እሾህ ስብርባሪ የቀኑን ሥራ ሁሉ ያፈርሳል።

የገበያ ቀን የከብት ቀንድ በሩን ጫረብኝ፤ ላሜራው ይታያል።

ፖሊሹን ይተዉት፣ ዝገቱን ይቅደሙ። በክረምት ባዶ ላሜራ በቀናት ውስጥ ይዝጋል፤ ቀለም እስኪገኝ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ ያድርጉበት። የቀለሙ ቁጥር ቶዮታ ላይ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል። ቀለሙ ሲመጣ የጥፍር ቀለሙን በአሴቶን ሳይሆን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ያንሡት፣ በአልኮል ያጽዱ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ እያደረጉ፣ በየመሐሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየጠበቁ ጭረቱን ይሙሉ፣ በመጨረሻ ክሊር ከዙሪያው ጥቂት ከፍ እስኪል ይጨምሩ። ከሳምንት በኋላ በ3000 ወረቀት ያስተካክሉትና ፖሊሽ ያድርጉት። ቅርብ ቀርቦ የሚያይ ሰው ያገኘዋል፤ በሁለት ሜትር ርቀት ግን አይታይም።

መስታወቱንና የፊት መብራቱንስ በዚሁ ልሠራ?

የፊት መብራት ፕላስቲክ በመሆኑ በዚሁ ፖሊሽ ይጠራል፤ ግን የፋብሪካ ሽፋኑ ስለሚነሣ መልሶ ካልተሸፈነ በወራት ውስጥ ይቢጫል። መስታወት ሌላ ዱቄት ይፈልጋል፤ በቀለም ኮምፓውንድ ላይ አይድከሙ።